ዋስ የሌለው እርቅ

ያምሮት ቡሬ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ የበርበሬ ወፍጮ ቤት አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየገጠሩ በርበሬ ይዘው የሚመጡ ሰዎች በሯ ላይ ተሰልፈው ያነጥሳሉ፣ ይስቃሉ፣ በተራ ይጨቃጨቃሉ። እርሷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትፈጫለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ማንም ቢቆጣ ወፍጮው ይቆማል። ያምሮት ወደ ጓሮ ወጥታ ለታናሽ ወንድሟ ለክንዱ ትደውላለች።

“ዋጥህ?”

“ዋጥሁ፣ እታለም።”

“በምን ዋጥህ?”

“በውሃ ነዋ። በጠላ ልዋጠው?”

ወሬያቸው ይህችው ናት። ስልኩ ሲዘጋ ወፍጮው ይነሣል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ትደውላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልዘለለችም። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ይቀልዱባታል።

“ይኸ ወንድምሽ እስካሁን ጡት አልጣለም?”

“አልጣለም። እኔም አላስጥለውም” ትላቸዋለች።

ሰዎቹ ስቀው ያልፉታል። ለእርሷ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ክንዱ ገና በሃያ ስድስት ዓመቱ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙበት። ከማንኩሳ ወረድ ብላ ባለችው ቀበሌ በቆሎና በርበሬ የሚያመርት፣ ሁለት በሬ ጠምዶ ውሎ የማይደክመው ጎልማሳ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመደብ ላይ መነሣት አቃተው። ሐኪሞች ዘመድ ሁሉ ይመርመር ሲሉ፣ አንዱ ግፊት ተገኘበት፣ አንዱ ስኳር፣ አንዱ ደግሞ ቀጠሮው ሲደርስ አገር ለቆ ጠፋ። የያምሮት ኩላሊት ብቻ ገጠመ። “ሁለት አለኝ፤ አንዱን ውሰዱ” አለች። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ኩላሊቷ ወጥቶ በወንድሟ ሆድ በስተቀኝ በኩል፣ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ከሁለት ወር በኋላ ክንዱ በእግሩ እየሄደ ቤቱ ገባ።

መድኃኒቱ በወር በወር ከባሕር ዳር ይመጣል። ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል መንገድ በተዘጋ ጊዜ ያምሮት ዳንግላ ላይ ሁለት ቀን አድራ፣ የቀረውን በከፊል በእግር፣ በከፊል በጭነት መኪና ተጉዛ አድርሳለታለች። የመድኃኒቱ ካርቶን ከእጇ እንዳትወጣ ስትተኛ እንኳ ተንተርሳት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሁለቱም ለክትትል ባሕር ዳር ሄደው ነበር። የኩላሊት ሐኪሟ ዶክተር ሜላት የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ናት፤ ገበሬ እንዴት እንደሚናገርና ምን ሲባል እንደሚገባው ታውቃለች። ክንዱ ያን ዕለት አንድ ጥያቄ ጠየቃት።

“ዶክተር፣ ይኸ መድኃኒት እስከ መቼ ነው? ኩላሊቱ እኮ ሦስት ዓመቱ ሊሞላ ነው። እስካሁን ሰውነቴ አይለምደውም?”

ሜላት ወንበሯን ወደ እርሱ ጠጋ አደረገች። “በእናንተ አገር ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች ሲኖሩ ምን ይደረጋል?”

“ሽማግሌ ይገባል። የኛው አጎት አያ ባዬ ዕድሜያቸውን በሙሉ ደም ሲያደርቁ ነው የኖሩት።”

“በሰውነትህም ውስጥ እንደዚያው ነው። በደምህ ውስጥ ቀንም ሌትም የሚዞሩ ጠባቂዎች አሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት እንላቸዋለን። ባዕድ ነገር ሲገባ ይለዩታል፤ ተሐዋሲ ከሆነ ይገድሉታል። ጤና የምንለው ይህንኑ ነው። ችግሩ የእህትህንም ኩላሊት ባዕድ ነው ማለታቸው ነው። ሊያድንህ እንደገባ አያውቁም። ከእነርሱው መካከል ግን ጥቂት ሌሎች አሉ። ሥራቸው መዋጋት አይደለም፤ ማብረድ ነው። ተቆጣጣሪ ሕዋሳት ይባላሉ። የተቆጣውን ‘ተው፣ ይኸ የራሳችን ነው’ እያሉ የሚመልሱ ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ ሰውነት የራሱንም ሥጋ መብላቱ አይቀርም። ከተተከለው ኩላሊት ዘንድ ሳይቀር ሄደው ጠቡን ያበርዳሉ።”

ክንዱ ፊቱ በራ። “እንግዲያማ ሽማግሌ ከገባ ታርቀዋላ!”

“ቆይ፣ አልጨረስሁም። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የተቆጡት ብዙ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን አይችሏቸውም። መድኃኒቱ የተቆጡትን እጅ ይዞ ያቆያል። በውጭ አገር እነዚህን ሽማግሌዎች ከበሽተኛው ደም ለይቶ፣ አብዝቶ፣ መልሶ መስጠት ይቻል እንደሆነ እየተሞከረ ነው። አንድ ቀን መድኃኒቱን የሚቀንስ ነገር ይገኝ ይሆናል። ተስፋ ነው፤ ግን ገና ሙከራ ነው። ላንተ ዛሬ ያለህ ይኸው የያዝኸው መድኃኒት ነው። አንድ ቀን እንኳ እጃቸውን ከለቀቀ ምን እንደሚሆን አላውቅልህም።”

ሰው ከሚነገረው ውስጥ የሚወደውን መርጦ ይሰማል። ያምሮት ከዚያ ክፍል የወጣችው “አንድ ቀን እንኳ” የሚለውን ይዛ ነው። ክንዱ ግን “ሽማግሌ አለ” የሚለውን ይዞ ወጣ። በመኪና ውስጥ ሲመለሱ ዝም ብሎ ፈገግ ይል ነበር። ያምሮት ደስ ብሎት ነው ብላ ዝም አለች።

ሁዳዴ ገባ። ስልኩ እንደ ወትሮው ጠዋት ይደወላል፣ ማታ ይደወላል። “ዋጥህ?” “ዋጥሁ።” በሰባተኛው ሳምንት ድምፁ ውስጥ የትንፋሽ ማጠር የሰማች መሰላት። “ምን ሆነሃል?” ብትለው “ከማሳ እየመጣሁ ነው” አላት። አመነችው። ሰው የገዛ ሥጋውን ምን ብሎ ይጠረጥራል?

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ትሕትና የምትባል የክንዱ ጎረቤት ለፋሲካ የሚሆን በርበሬ ልታስፈጭ መጥታ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ተራዋ እስኪደርስ ከያምሮት ጋር ትጫወት ጀመር።

“ወንድምሽማ እግዜር ይመስገን” አለች። “ዘንድሮ ከሰው እኩል ሆነልሽ እኮ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ባፉ አይገባም። እንደዚያ በሽተኛ ነው ስንለው የነበረው ሰው፣ ሁዳዴን ድፍን አድርጎ ጾመ። አያ ባዬ እንኳ በሰው ፊት አመሰገኑት።”

ያምሮት ወፍጮውን አጠፋችው። ሴቶቹ ለምን ቆመ ብለው ጮሁ። እርሷ ነጠላዋን እያራገፈች “ትሕትና፣ ውሃ ባፉ ካልገባ መድኃኒቱን በምን ይውጠዋል?” አለች።

ትሕትና ግራ ገባት። “እኔ ምን አውቄ? ድኗል ብለን እኮ ነው።”

ያምሮት በርበሬውን በየማዳበሪያው እንዳለ ትታ፣ በሯን ዘግታ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ማንኩሳ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ሄደች። ከቤቱ ስትደርስ ክንዱ ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አብጧል፤ ዓይኖቹ ጠበዋል። በእግሩ ጫማ የለም። ጫማው ከጎኑ ተቀምጧል፤ እግሩ ግን እንደ ተነፋ አቁማዳ ሆኖ አልገባለት ብሏል።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለችው። ሰላምታም አልሰጠችው።

ክንዱ ወደ መሬት አየ። መልሱን የሰጠችው ከጓዳ የወጣችው ሚስቱ እንቁ ነበረች።

“ጾሙ ሲገባ የጠዋቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወረው፣ እትዬ። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓትና ማታ ይቀራረባሉ ብሎ አንዱን ተወው። ከጾሙ እኩሌታ፣ ከደብረ ዘይት ወዲህ ደግሞ የማታውንም ትቶታል። ‘ሽማግሌዎቹ አስታርቀዋል፣ ሐኪሟ ራሷ ነግራኛለች’ ይለኛል። ብናገረው ‘አንቺ ዶክተር ነሽ?’ አለኝ።”

“ለእኔስ ለምን አልደወልሽም?”

“‘ለእህቴ ከነገርሽ ቤቱን ጥዬልሽ እሄዳለሁ’ አለኝ።” እንቁ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። “ፈራሁ።”

እንቁ ከሙዳይ ውስጥ ያወጣቻቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ነበሩ። ያምሮት ዳንግላ ላይ ተንተርሳ ያደረችባት ካርቶን ሳትከፈት ተቀምጣለች። ያምሮት ካርቶኗን አነሣች።

“ክንዱ” አለች፣ “ጠዋትና ማታ ‘ዋጥሁ’ ስትለኝ የነበረው ምን እየዋጥህ ነው?”

“አፈርሁ፣ እታለም።”

“እኔን ነው ያፈርኸው?”

“ሰውን ነው።”

ይህን ጊዜ አያ ባዬ ከላይኛው ግቢ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። የያምሮት አባት ታናሽ ወንድም ናቸው። በሰባት ቀበሌ ስማቸው የሚጠራ ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸው ያስታረቁት ሰው ቂም ይዞ አያድርም ይባላል። ያምሮትና ክንዱ አባታቸው ከሞተ በኋላ ያደጉት በእርሳቸው እጅ ነው። ያምሮት ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

“አያ ባዬ፣ ይህን ልጅ ጹም ያለው ማነው?”

“ማንም አላለውም፣ ልጄ። ጾም በሰው ትእዛዝ አይጾምም። ከሕሊናው የመጣ ነው።”

“ሰውን አፈርሁ ነው የሚለው። ማነው ያሳፈረው?”

አያ ባዬ ሽማግሌ ናቸውና አልዋሹም። “በጾሙ መግቢያ፣ በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ አንድ ቃል ጣል አድርጌ እንደሆነ እንጃ። ጨዋታ ነበር። ‘የኛ አገር ወንድ ከመቼ ወዲህ ነው በሁዳዴ ጠዋት ተነሥቶ እንደ ጥጃ ውሃ የሚጠጣ?’ ብያለሁ። ሰዉ ሳቀ። እርሱም ሳቀ።”

“ሳቃችሁ።”

“ጨዋታ ነው አልሁሽ እኮ።”

“የሳቃችሁበት የኔ ሥጋ ነው፣ አያ ባዬ። እርሱ ሆድ ውስጥ ያለው ከኔ ጎን ተቀድዶ የወጣ ነው። ይህችን ታያላችሁ?” ጎኗን በመዳፏ መታች። “እዚህ ጋ አንድ ቦታ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ያደረግሁት ማኅበርተኛ ስቆ እንዲጠግብ አይደለም።”

አያ ባዬ ፊታቸው ጠቆረ። ልጅ እንዲህ ተናግሯቸው አያውቅም። “መድኃኒትማ ድካም ነው የሚያመጣ። ሰውነት በራሱ እንዳይታገል ያደርገዋል አላችሁ ራሳችሁ። እንግዲህ በጾም በጸሎት ቢጠነክር ምን ክፋት አለው? እግዚአብሔርስ የለም?”

“እግዚአብሔርማ አለ። ኩላሊቱን ይዤ አዲስ አበባ ስሄድ ያኔም ነበረ። ክንዱ፣ የነፍስ አባትህን ጠይቀሃል?”

“አልጠየቅሁም” አለ ክንዱ። “‘ተው’ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እታለም? ሰባት ሳምንት ሙሉ ሰው ሆኜ ነበር። ‘ያ በሽተኛ’ ሲሉኝ የነበሩት ‘አቶ ክንዱ’ ይሉኝ ጀመር። ያን ማጣት አልፈለግሁም።”

ያምሮት ይህን ስትሰማ ቁጣዋ ከወንድሟ ላይ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሄደ። ይህን ሰው በሽተኛ ሆኖ እንዲኖር ያስቻለው መድኃኒት ነበር። ጤነኛ መስሎ እንዲሞት የገፋፋው ደግሞ የጎረቤት ምስጋና ነው። ለማን ይነገራል?

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የክንዱ የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ገብርኤልም መጡ። የክንዱን እግር በጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ጣታቸው የጫነው ጎድጉዶ ቀረ።

“ለታመመ ሰው ጾም ሕግ አይደለም” አሉ። “አባቶቻችን ይህን ጽፈው ነው የሄዱ። ብትጠይቀኝ ኖሮ አሥር ጊዜ በፈታሁህ፣ ልጄ። መድኃኒትህን ስትውጥ ከቆረበው አታንስም ባልሁህ ነበር።” ከዚያ ወደ ያምሮት ዞሩ። “ግን እኔስ ለምን አልጠየቅሁትም? ሲያስቀድስ ቆሞ አየዋለሁ። ኩላሊት የተተከለለት መሆኑን አውቃለሁ። ደስ አለኝና ዝም አልሁ። በእኔም ይቆጠራል።”

በሆሳዕና ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ዘንባባ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እርሷ ወንድሟን በሚኒባስ ኋላ ወንበር ላይ አጋድማ ወደ ባሕር ዳር ይዛው ሄደች። ክንዱ ጫማውን በእጁ ይዟል። በየኬላው ሲወርዱ በባዶ እግሩ ቆመ።

ዶክተር ሜላት አልተቆጣችም። ያ ለያምሮት ከቁጣ የከፋ ነበር። ደም ተወሰደ፤ ከኩላሊቱም በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ሜላት ሁለቱን አስቀምጣ ነገረቻቸው።

“ሰውነትህ ኩላሊቱን እየተዋጋው ነው፣ ክንዱ። ጠባቂዎቹ ገብተውበታል። ጠንካራ መድኃኒት በመርፌ እንሰጥሃለን፤ እስኪያገግም ደግሞ ደምህ በማሽን ይታጠባል። ምን ያህሉን እንደምናተርፍ አሁን አልነግርህም፤ አላውቀውም።”

“ሽማግሌዎቹስ?” አለ ክንዱ፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። “አሉ ብለሽኝ አልነበር?”

“ነበሩ። አሁንም አሉ። ናሙናው ውስጥም አይተናቸዋል። ግን አንድ ሽማግሌ በመቶ ጠብመንጃ መካከል ቢቆም ምን ያደርጋል?”

ሕማማት በሆስፒታል አለፈ። ፋሲካም በሆስፒታል ሆነ። እንቁ ከገጠር የላከችው ዶሮ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሜላት አዲሱን የደም ውጤት ይዛ መጣች። ኩላሊቱ አልሞተም። የተረፈው ግን ከግማሽ በታች ነው። የጠፋው ክፍል ጠባሳ ሆኗል፤ ጠባሳ ደግሞ ተመልሶ ሥጋ አይሆንም። ተጠንቅቆ ከያዘው ጥቂት ዓመታት ይሄድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንደገና ማሽን።

በዚያው ሳምንት አያ ባዬ ሊጠይቁ መጡ። ከማንኩሳ ባሕር ዳር ድረስ በዚያ ዕድሜያቸው በሚኒባስ ተቀምጠው፣ ማርና ዳቦ ይዘው ነው የመጡት። ክንዱን አልጋው ላይ አዩት። የማሽኑ ቱቦ በአንገቱ ላይ ተሰክቷል። ወዲያው ወደ ግቢው ወጡ። ያምሮት ተከተለቻቸው። ከዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

“አያ ባዬ” አለች ያምሮት፣ “ከቡሬ ማዶ ያሉትን የሁለቱን ቤተሰቦች ደም ስታደርቁ ስንት ሽማግሌዎች ነበራችሁ?”

አያ ባዬ ጥያቄው ከየት እንደ መጣ አልገባቸውም። “ሰባት ነበርን።”

“እሽ ብለው ታረቁ?”

“ታረቁ። መስቀል ተሳለሙ፣ አብረው በሉ።”

“ከዚያ ወዲያ እናንተ ሰባታችሁ ወደየቤታችሁ ገባችሁ?”

“እንዴት ብለን? ዋስ ጠራን እንጂ። ከየወገኑ አምስት አምስት የታመነ ሰው። ማንም ቢነሣ እጁን የሚይዝ። ዋስ የሌለው እርቅ እርቅ አይደለም፣ ልጄ። ሽማግሌ ቃል ነው ያለው፤ እጅ የሚይዘው ዋስ ነው።”

“ስንት ዓመት ሆናቸው፣ ዋሶቹ?”

“አሥራ አንድ ዓመት። ዛሬም ዋስ ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።”

“አንድ ሰው መጥቶ ‘አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው፣ ለምደዋል፣ ዋሶቹ ይውረዱ’ ቢላችሁ?”

“እብድ ነው እለው ነበር። በማግስቱ…” አያ ባዬ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ከዚያ በቀስታ ወደ ሕሙማኑ ክፍል መስኮት አዩ።

ያምሮት አላዘነችላቸውም። “ሐኪሟ የነገረችን ይኸው ነበር። በሰውነቱ ውስጥ የሚያስታርቁ ጥቂት ሽማግሌዎች አሉ። መድኃኒቱ የእነርሱ ዋስ ነው። እርስዎ ደም የሚያደርቁ ሰው፣ በደም ላይ ዋስ የማያወርዱ ሰው፣ በማኅበር ላይ በአንድ ቀልድ የወንድሜን ዋስ አወረዱት። እርሱ ደግሞ ተማረከ። ሳቁን ፈርቶ።”

አያ ባዬ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። አለቀሱ። ካሳደጓት ጀምሮ ሲያለቅሱ አይታቸው አታውቅም።

“ይቅር በይኝ” አሉ።

“ይቅርታ ይጠይቁኝ አላልሁዎትም።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“የተናገሩት በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ይመልሱት።”

ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያቆም አንባቢ አያ ባዬን ወንጅሎ ይሄድ ነበር። ያ ግን ቀላሉ መንገድ ነው። ያን ቃል የተናገሩት አንድ ሰው ናቸው፤ የሳቀው ግን ማኅበሩ በሙሉ ነው። ከሳቁት መካከል ክንዱ በምን ድኖ እንደ ተነሣ የማያውቅ አልነበረም። ትሕትና አይታለች፤ ቄሱ አይተዋል፤ ሚስቱ አይታለች። በየሰፈራችን እንዲህ ያለ ሰው አለ። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ። ድኗል እያልን፣ ጎበዝ ነው እያልን፣ ወንድ ነው እያልን ከመድኃኒቱ እናስወጣዋለን። መድኃኒቱን ሲውጥ እንሳለቅበታለን። ሲተው እናመሰግነዋለን። ሲወድቅ ደግሞ ማርና ዳቦ ይዘን እንጠይቀዋለን። ሲሞት ድንኳን እንጥልለታለን፤ “ጠንካራ ሰው ነበር” ብለን እናለቅሳለን። እስቲ ጠንካራ ያልነው መቼ ነው? መድኃኒቱን በተወ ዕለት አይደለም?

ጾም መልካም ነው። ማንም መልካም አይደለም አላለም። ነገር ግን ጾሙን የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለታመመ በር ከፍታለች። በሩን የዘጋነው እኛ ነን፤ የዘጋነውም በምላሳችን ነው።

ፍልሰታ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ አልቆ ሰው ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር ውጭ ባለው መስክ ላይ በየዛፉ ሥር ሲቀመጥ፣ አያ ባዬ ተነሥተው ቆሙ። ሰው ሽማግሌው ሊናገሩ ነው ብሎ ዝም አለ። ያምሮትም የመጣችው ለዚሁ ነበርና ከሴቶቹ መካከል ቆማ ሰማች።

“በሁዳዴ መግቢያ በሚካኤል ማኅበር ላይ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር” አሉ። “የሳቃችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ባርባ ዓመት ውስጥ ስንት ደም እንዳደረቅሁ ታውቃላችሁ። በዚያች ቀን ግን ደም አፈሰስሁ። የገዛ ወንድሜን ልጅ ደም። ዋሱን በቀልድ አወረድሁበት። የእህቱ ኩላሊት ከግማሽ በላይ ሞቷል። ይህን ያደረገ ባዬ ነው። ነገ ሌላውን እንዲህ የሚናገር ሰው ብሰማ፣ ከእኔ ጋር እርቅ የለውም።”

አያ ባዬ ወደ ክንዱ ዞሩ። ክንዱ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከስቷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ክንዱ መድኃኒቱን ከኪሱ አወጣ። እጁ አመነታ። ዙሪያውን ያየው ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው።

አንዲት አሮጊት ለጎረቤታቸው “በፍልሰታ መባቻ? ያውም በማርያም ደጅ?” ሲሉ ተሰማ።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ከበሩ ላይ ሰምተው ነበር። “አዎን፣ እማማ” አሉ። “በማርያም ደጅ። የት ይዋጥ? ተደብቆ? መዋጡን ስላሳፈርነው ነው ልንገድለው የደረስነው።”

አያ ባዬ ከአንዲት ሴት ኩባያ ውሃ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ለክንዱ ሰጡት። ሽማግሌ ለልጅ ውሃ በሁለት እጁ ሲሰጥ በዚያ አገር አይታይም። ክንዱ ተቀብሎ ዋጠ። ሦስቱንም አንድ በአንድ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ወሬው ስለ ዝናቡ ሆነ።

ያምሮት ከሴቶቹ መካከል እንደ ቆመች ነበረች። ሰዎች ወደ እርሷ እየመጡ “እንኳን ደስ አለሽ፣ ተማርን፣ ልብ ገዛን” አሏት። አያ ባዬን ይቅር ብላቸው እንደሆነ የጠየቋትም አሉ። “አዎን፣ ብያለሁ” አለች። እውነትም ይቅር ብላ ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት በማርያም ደጅ የቆመው ሰው ሁሉ አንድ ነገር እንዲያውቅ ትፈልግ ነበር፤ “እንኳን ደስ አለሽ” ሲሏት እርሱኑ ነገረቻቸው።

“እናንተ ተምራችኋል፤ እሰየው” አለች። “እኔ ግን ሁለተኛ የምሰጠው ኩላሊት የለኝም።”